የሌስተር ማክፊ የመጨረሻ ካርድ

የበረዶ ሆኪው ጨዋታ አልቆ ስምንት መቶ ሰው ከመቀመጫው አልተነሳም።

በትንሿ የኬልደን ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። በሌላ እሑድ ቢሆን የመጨረሻው ጡሩምባ ድምፁ ሳይጠፋ ሕዝቡ ወደ በሩ ይጋፋ ነበር፤ ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነውና መኪናውን ቶሎ ያላስነሳ ሲገፋ ያመሻል። ዛሬ ግን ሁሉም አንገቱን አንጋጦ ከጣሪያው ሥር ወደተንጠለጠለችው የእንጨት ክፍል ያያል።

የማይክሮፎን ክፍል ናት። ሌስተር ማክፊ ሠላሳ አራት ዓመት እዚያ ተቀምጦ ጎል ያገባውን፣ ያቀበለውን፣ አጥፍቶ የተቀጣውን ለአዳራሹ ሲናገር ኖሯል። ድምፁ ግሩም ነበር፤ በበረዶው ላይ ተንከባሎ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ። ሰውየው ግን ድምፁን አይመስልም። መብራቱን ሳያጠፋ የገባ ባለመኪና ካለ ታርጋውን ብቻ ተናግሮ አያበቃም። «ባለ ሰማያዊው መኪና፣ መብራትህን አጥፋ፤ ሚስትህ ትታህ ከሄደች ወዲህ የሚያስታውስህ ጠፋ» ይላል። ስምንት መቶ ሰው ይስቃል፣ አንድ ሰው ቂም ይይዛል። በሠላሳ አራት ዓመት ያላስቀየመው ቤተሰብ አልነበረም።

ዛሬ ጨዋታው ሊጀመር ሲል እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ይህ የመጨረሻ ቀኔ ነው። የእናንተን ጎልና የእናንተን የጠፋ ቁልፍ ስናገር አረጀሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ማንም እንዳይነሳ። አንዲት በልቤ የያዝኳት ነገር አለች፤ እናገራትና እወርዳለሁ። የምታፍሩ ታፍራላችሁ።»

የከተማው ቡድን፣ የኬልደን ጉጉቶች፣ ሦስት ለሁለት አሸነፉ። ሕዝቡ ተቀምጦ ጠበቀ። ማጉያው ትንፍሽ አላለም።

ኮሌት ላሮንድ የድንች መጥበሻዋን አጥፍታ ከካንቲኗ መስኮት ታያለች። ሌስተር የሚናገረው ስለ ልጇ ስለ ዳኒካ እንዳይሆን ትጸልያለች። ዳኒካ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ወንበሩን ለመውረስ አንድ ዓመት ሙሉ ከሌስተር ሥራውን ስትማር ቆይታለች። ዛሬ ጠዋት እሱ በሰው ፊት «የሴት ድምፅ ለዳቦ ቤት ነው» ቢላት፣ «አንድ ቀን አንተም ዝም ትላለህ!» ብላ ጮኻበታለች። ስለዚህ ነበር ኮሌት በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር ማለቂያ ላይ ሻይ ቀድታ «ሽማግሌ ነው፤ ትኩስ ነገር ውሰጂለትና ታረቂው» ብላ የላከቻት።

ሦስት ሰዎች ደረጃውን ሲወጡ አየች፦ የክለቡ ፕሬዚዳንት ራንዳል ቦይቹክ፣ ሰዓት ያዡ ማይርን ህሪትሳክ፣ ከኋላቸው ዳኒካ። በሩ ተከፈተ።

ከዚያ የልጇ ጩኸት ያለ ማጉያ እስከ ካንቲኑ ድረስ ደረሰ።

*

ሌስተር በጀርባው ወድቆ፣ የራሱ ቅል በብረቱ ማሞቂያ ጥግ ተፈልጦ ነበር። አንድ ሰው ደረቱን ገፍትሮታል።

የኬልደኑ ኮንስታብል ሃርከር ነገሩን ባንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት አለ። በማይክሮፎኑ ፊት አምስት ካርዶች ነበሩ፤ ሌስተር ለእያንዳንዱ ጎል አንዳንድ ካርድ ጽፎ ነው የሚያነበው። አራቱ ተነበዋል። አምስተኛው፣ በሦስተኛው ዙር የገባው የድል ጎል ካርድ፣ ተጽፏል እንጂ አልተነበበም። እንግዲህ ሌስተር የሞተው ጽፎ ሳይናገር፣ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚያች ደቂቃ ደግሞ የላይኛው ረድፍ ተመልካቾች አንዲት ሴት ኩባያ ይዛ ስትወጣ፣ ፊቷ ቀልቶ ስትወርድ አይተዋል።

«ዳኒካ ላሮንድን ልወስዳት ነው» አለ ሃርከር።

«ቆይ» አለች ከበሩ አንዲት ሴት።

አጭርና ወፍራም ናት፤ ቅንድቧ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ሳጅን ኢርማ ፍሪዘን ትባላለች፤ የወረዳው መርማሪ ናት፣ የመጣችውም ከጎረቤቷ ከተማ ከቶርሃም ነው። ቶርሃም! በኬልደን ሰው አፍ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ከዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጉጉቶቹ ቶርሃምን ረትተው ብቸኛ ዋንጫቸውን ወስደዋል፤ የድሉ ሰንደቅ እስካሁን ከጣሪያው ላይ ተሰቅሏል።

«ቶርሃሞች ጎል ማግባት ሲያቅታቸው ፖሊስ ይልካሉ» አለ ራንዳል ቦይቹክ፣ እንድትሰማው ብሎ። «ያቺ ሰንደቅ ዛሬም ታንገበግባችኋለች፣ አይደል? አንድ ሰከንድ ሲቀር አገባንባችሁ! አንዲት ሰከንድ!»

«የዚያን ቀን በረኛችን ወንድሜ ነበር» አለች ኢርማ ጓንቷን እያወለቀች። «የሚሞቅ ክፍል የታል?»

የሚሞቀው ክፍል ካንቲኑ ብቻ ነበር። እንዲህ ሆነና ምርመራው በሙሉ በኮሌት ጆሮ ሥር ተካሄደ። ሳጅኗ ጠረጴዛ ያዘች፣ የተረፈውን ቀዝቃዛ ድንች ኮምጣጤ ጨምራ መብላት ጀመረች፣ ከላይ የወረደውንም ዕቃ በላስቲክ በላስቲክ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። ኮሌት ባንኮኒውን እየወለወለች አጮልቃ አየች። አምስተኛው ካርድ እንዲህ ይላል፦ «4፡18። 9። 14፣ 22።» ልክ ነው አለች በልቧ። ጎሉ ሲገባ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ነበር፤ አራት ደቂቃ ከአስራ ስምንት ነበር የሚለው። ያገባውም ቁጥር ዘጠኝ ነው።

ከጎኑ ሌላ፣ ያረጀና የወየበ ካርድ አለ። ከሌስተር የደረት ኪስ ነው የተገኘው። በቀለም «19፡59» ይላል፤ ከሥሩ በእርሳስ «20፡06»። ይህኛው ምንም አልገባትም።

«በጣም ትወለውያለሽ» አለች ሳጅኗ ቀና ሳትል።

«ቤቴ ነው» አለች ኮሌት በቁጣ።

*

መጀመሪያ ራንዳል ቦይቹክ ተጠራ። ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀመጠበት።

«ጠላሁት፤ ጻፊው። ስብሰባ በመራሁ ቁጥር በማይክ ይሰድበኛል። ግን ሰው አልገድልም። ጨዋታውን ያየሁት ከከንቲባው አጠገብ ተቀምጬ ነው።»

«ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ማን ምን አደረገ?»

«እኔ አንገቱን ዳሰስኩ፤ በረዶ ሆኗል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትጮሃለች። ማይርን ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ማይኩን ዘጋው፤ ጩኸቷ ለሕዝቡ እንዳይሰማ። አስተዋይ ሰው ነው። ሌላ?»

«ሌላ የለም። ወንበሩን እንደነበረ ይመልሱት።»

ቀጥላ ጆይስ ፔልቲዬ ገባች፤ መዝጋቢዋ ናት፣ ከበረዶው ዳር ከሰዓት ያዡ ጎን ተቀምጣ የጨዋታውን መዝገብ ትሞላለች። እጇን አጣምራ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«ቶርሃም ውስጥ የሚመረመር ሌባ ጠፍቶ ነው ወይ እዚህ የመጣሽው?»

«ሌባው ሁሉ እሑድ እሑድ ሆኪ ያያል» አለች ኢርማ። «ሥራዎን ያስረዱኝ። ጎል ሲገባ ምን ያደርጋሉ?»

«ዳኛው መጥቶ ማን እንዳገባ፣ እነማን እንዳቀበሉ ይነግረኛል። እመዘግባለሁ። ከዚያ ለዚያ ግትር ሽማግሌ ስልክ እደውላለሁ፤ ከላይ ሆኖ ማን እንዳቀበለ መለየት አይቻልም። ከተሳሳትኩም እደውላለሁ። “የውጤት ማስተካከያ!” እያለ እያላገጠ ያነብብኛል።»

«ለመጨረሻው ጎልስ?»

«ሦስት ጊዜ ደወልኩ! አላነሳም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያኮርፍ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።»

«ምን የሚያሳፍር ነገር ሊናገርብዎ ይችል ነበር?»

ጆይስ ከንፈሯን ነከሰች። «የእህቴን ልጅ ያላቀበለውን አቀበለ ብዬ መዝግቤአለሁ። ሁለት ጊዜ።» ሳጅኗ መዝገቡን ገለጠች። «እሺ፣ አራት ጊዜ! ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰም ሰው ይገደላል። መዝገቡን ይተዉልኝ። ዳኛው ሲነግርዎ ማን ይሰማል?»

«ማይርን ብቻ። ክርናችን ይነካካል።»

ማይርን ህሪትሳክ ቆቡን አውልቆ ገባ። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ለስላሳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ኮሌት እንዳየችው ሆዷ ባባ። ከምስማሩ ላይ የራሱን ኩባያ አውርዳ ሻይ ቀዳችለት። ሃያ ዓመት በዚህ ኩባያ ነው የሚጠጣው፤ ገና በመጣ ቁጥርም በእጇ የጠቀለለችውን ፒሮጊ፣ ድንች የታጨቀበትን ሊጥ፣ ትልክለታለች።

«እኔ ከሰዓቱ አልተነሳሁም» አለ በትሕትና። «ሃያ ስድስት ዓመት የጨዋታ ሰዓት ይዣለሁ። ጨዋታ ላይ እያለ ለአፍታ ብነሳ ስምንት መቶ ሰው ይጮህብኛል።»

«በእረፍትስ?»

«በእረፍት ሰዓቱ በራሱ ይሄዳል፤ አስራ አምስት ደቂቃ። ወጥቼ አጨሳለሁ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ሱስ ብርድ አያውቅም፣ ሳጅን።» ወደ ኮሌት ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንድ ነገር ልበል። ዳኒካ ክፉ ልጅ አይደለችም። ቱግ ትላለች እንጂ። ገፍታው እንኳ ከሆነ ሳታስበው ነው። ይህን ጻፊልኝ፣ ሳጅን።»

ኮሌት «ተባረክ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን መልሳ ዘጋችው። ደግ ንግግር ነበር፤ ነገር ግን ልጇን ጥፋተኛ ያደረገ ደግነት ነው።

በመጨረሻ ዳኒካ ገባች። ዓይኗ አብጧል፣ አገጯ ግን ቀና እንዳለ ነው።

«ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። “አንኳኪ፣ ጠብቂ፣ መያዣውን እንዳትነኪ” ይለኝ ነበር። አልመለሰልኝም። ንቆኝ ነው ብዬ ኩባያውን በሩ ሥር አስቀምጬ ወረድኩ።»

«አንድ ዓመት ምን አስተማረሽ?»

«መቀነስና መሰደብ።»

«ደብተር አለሽ?»

ዳኒካ ከቦርሳዋ የተጎሳቆለ ደብተር አውጥታ ወረወረችላት። ኢርማ ገጽ በገጽ ገለጠችው፤ ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ነው። ከመዝገቡ ጋር አስተያየችው፤ የድንች ስባሪ አፏ ውስጥ እንዳለ መንጋጋዋ ቆመ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋችው።

«በቃ» አለ ሃርከር። ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። «መንገዱ በበረዶ ሳይዘጋ ልውሰዳት።»

ኮሌት የካቴናውን ድምፅ ሰማች። ሻይ አድርሺ ብላ የላከቻት ማን ነው? በዚያች ደቂቃ በዚያ ደረጃ ላይ ያቆመቻት ማን ነው? ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እማ!»

«ዝም በይ! ልጄን ሰደባት፣ ወጣሁና ገፈተርኩት። ካርዱን እየጻፈ ሳለ። በቃ። እኔን እሰሩኝ።»

ኢርማ ፍሪዘን የኮሌትን ጉልበት አየች፤ ከሱሪዋ ላይ የታሰረውን ወፍራም ማሰሪያ።

«ደረጃው ስንት ነው?»

«ሃ... ሃያ።»

«አርባ አንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ እኔም ጉልበት ያመኛል። ማሞቂያው በየት በኩል ነው?»

ኮሌት በዚያ አዳራሽ ሃያ ዓመት ስትሠራ ወደዚያች ክፍል አንድ ቀን ወጥታ አታውቅም። እንባዋ ወረደ።

ሳጅኗ ተነስታ መጣች፣ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። እኔም ልጆች አሉኝ። ውሸትሽ ግን ልጅሽን አያወጣትም። ልጅሽን የሚጠቅማት በጆሮሽ የሰማሽው እውነት ነው። አንቺ ማጉያው ሥር ነው የምትሠሪው። ለመጨረሻ ጊዜ የሌስተርን ድምፅ የሰማሽው መቼ ነው?»

ኮሌት ፊቷን ጠረገች። አሰበች። እውነቱን ማሰብ ከመዋሸት ይከብድ ነበር።

«ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ። “እረፍት፣ አስራ አምስት ደቂቃ” አለ።»

«በእረፍቱስ?»

«በእረፍት የጠፋ ዕቃ ያነባል። ሁልጊዜ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ። ሠላሳ አራት ዓመት አስታጉሎ አያውቅም፤ ሰው መስደቢያው ነዋ።» ድንገት ቆመች። ከገንዘብ መቀበያው ጎን የተቀመጠችውን አንዲት ቀይ የልጅ ጓንት አነሳች። «ይህቺ እዚህ ተረስታ ነበር። በመጀመሪያው እረፍት ማብቂያ ላይ ወረቀት ጽፌ ላክሁለት። በሁለተኛው እረፍት እንደሚያነባት ጠበቅሁ። አላነበባትም።» ጓንቷን አየቻት። «አላነበባትም፣ ሳጅን።»

ኢርማ ጓንቷን ተቀብላ ከካርዶቹ ጎን አስቀመጠቻት።

«ሃርከር፣ ካቴናውን አትመልሰው፤ ያስፈልገናል። ሰዎቹን በሙሉ ጥራቸው።»

*

በካንቲኑ ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ። ራንዳል በሩን ተደግፎ፣ ጆይስ እጇን አጣምራ፣ ማይርን ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዳኒካ ከእናቷ ጎን።

«ቶርሃም ልትፈርድብን ነው» አለ ራንዳል።

«ቶርሃም ታስረዳለች፤ የሚፈርደው ሌላ ነው» አለች ኢርማ። «ከጓንቷ እንጀምር። ሌስተር የጠፋ ዕቃ ሳያነብ ያሳለፈው እረፍት የለም። ዛሬ በሁለተኛው እረፍት ግን አላነበበም። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ እንዳለች አገኘናት። ለምን?»

ወደ ጆይስ ዞረች።

«ሁለተኛ፣ ስልኩ። ጆይስ ለድል ጎሉ ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አልተነሳም። ሦስተኛ፣ ዳኒካ አንኳኳች፣ መልስ የለም። ይህ ሁሉ አኩርፎ ነው? እኔ ሌላ እላለሁ። ሰውየው ከሁለተኛው እረፍት ጀምሮ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። በሦስተኛው ዙር ጥፋትም ቅጣትም አልነበረም፤ እስከ ጎሉ ድረስ የሚነገር ነገር ስላልነበረ ማንም ልብ አላለም።»

«ካርዱስ?» አለ ሃርከር። «ጎሉን ጽፎታል እኮ! የሞተ ሰው ይጽፋል?»

«አይጽፍም። ስለዚህ ሌስተር አልጻፈውም።» ካርዱን አነሳች። «ያገባው ዘጠኝ፣ ያቀበሉት አስራ አራትና ሃያ ሁለት ይላል። ልክ ነው። ግን ያቀበሉትን ዳኛው የነገረው ለጆይስ ብቻ ነው፤ ጆይስ ደግሞ ለሌስተር አልነገረችም፤ ስልኩ አልተነሳማ። ታዲያ ይህን የጻፈው ዳኛው ሲናገር በጆሮው የሰማ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ደግሞ ሁለት ሰዎች አሉ።»

«እኔን ነው የምትይው?» ጆይስ ቀላች። «አንቺ የቶርሃም—»

«ቆዪ። ሰዓቱን እዩ። አራት ከአስራ ስምንት ይላል።»

«ልክ ነዋ» አለች ኮሌት ሳታስበው። «እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።»

«ግድግዳው ላይ አይተሽዋል። የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው፤ ከሃያ ይነሳና ዜሮ ሲደርስ ዙሩ ያልቃል። የሚያሳየው የቀረውን ነው። መዝገብና ማይክሮፎን ግን ያለፈውን ነው የሚናገሩት። ለዚህ ነው የዚህች ልጅ ደብተር በመቀነስ የተሞላው። አራት ከአስራ ስምንት ሲቀር፣ ተናጋሪ “አስራ አምስት ከአርባ ሁለት” ነው የሚለው። የጆይስ መዝገብ 15፡42 ይላል። የሌስተር አራቱም ካርዶች ከመዝገቡ ጋር ይገጥማሉ። አምስተኛው ብቻ አልተቀነሰም። ሌስተር እንዲህ አይሳሳትም። ጆይስም። ዳኒካም ብትሆን እራት ስትበላ እንኳ የምትቀንስ ይመስለኛል።»

«ትቀንሳለች» አለች ኮሌት። «የወጥ ቤቱን ሰዓት እያየች።»

«ባንድ ጠረጴዛ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ዓይኑን ከቀረው ሰዓት ነቅሎ የማያውቅ ሰው ግን አለ። መቀነስ የጎረቤቱ ሥራ ነው። ባዶ ካርድ እሱም ዘንድ አለ፤ ክለቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያሳትመው። ጽፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። በሩ ሲከፈት ሁላችሁ ሬሳውን ስታዩ እሱ ማይክ ልዝጋ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደና ካርዱን ከአራቱ ጎን አስቀመጠው፤ ጎሉ ሲገባ ሌስተር በሕይወት የነበረ እንዲመስል።»

ሁሉም ወደ ማይርን ዞረ።

«ለምን ብዬ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሌስተር እኔን ምን ይላል?»

ኢርማ የወየበውን ካርድ ሰጠችው። አልተቀበላትም።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት የያዘው ካርድ ነው። አስራ ዘጠኝ ከሃምሳ ዘጠኝ፤ አንድ ሰከንድ ሲቀር። ያቺ ሰንደቅ የተሰቀለችላት ጎል ናት። ከሥሩ በእርሳስ ሃያ ከስድስት ይላል። ሃያ ደቂቃ ባለው ዙር ሃያ ከስድስት የሚባል ሰዓት የለም። ሌስተር ያን ቀን የእጁን ሰዓት ይዞ ነበር። ሰባት ሰከንድ። ጨዋታው ሲቀጥል ሰዓቱን የሚያስነሳውን ቁልፍ ሳይጫኑ ሰባት ሰከንድ አዘገዩት፣ አቶ ማይርን።»

«ውሸት ነው!» ራንዳል ጮኸ። «የቶርሃም ፈጠራ ነው! ንገራት፣ ማይርን!»

ማይርን ግን ኩባያውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ልስላሴ ሁሉ ተገፎ ነበር።

«የእህል ጎተራውን አፈረሱት» አለ። «ትምህርት ቤቱን ዘጉት። ባቡሩ ቀረ። ይህ ከተማ ከዚያች ጎል ሌላ ምን አለው? በእረፍቱ ወጥቼ ለመንኩት። ሰባት ሰከንድ ናት፣ ተዋት አልኩት። “ዛሬ ትወጣለች” ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም፤ ሞተ ብዬ ነው የወረድኩት።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል» አለች ኢርማ። «እርስዎ ሰዓቱን ሲያስኬዱ እሱ ይተነፍስ ነበር።»

ጆይስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ልጄስ?» አለች ኮሌት። ድምፅዋ እንግዳ ሆኖ ተሰማት። «ልጄን ልታሳስርብኝ ነበር?»

«ወጣት ናት» አለ ማይርን ሳያያት። «ቶሎ ይፈቷታል ብዬ ነው።»

ኮሌት ኩባያውን አነሳች። ሻዩን ከነሙቀቱ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው፣ ኩባያውንም ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ምስማሩ ባዶውን ቀረ።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ አዳራሹ እንደገና ሞላ። የሞላው ግን ለጨዋታው አይመስልም፤ ዛሬ ማይኩ የዳኒካ ነው። የማይርን ወንድሞች ከፊት ተደርድረዋል። ለላሮንድ ቤተሰብ በር የከፈተ፣ ሰላም ያለ ሰው የለም። ራንዳል ቦይቹክ ደረጃው ሥር ጠብቆ «ጎልና ቅጣት ብቻ ትናገሪያለሽ። ስለዚያች ጎል አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ወንበሩን እርሺው» ብሎ ዳኒካን አስጠንቅቋታል። ኮሌት ይህን ሰምታለች። ሌሊቱን ሁሉ «ተይው፣ የኔ ልጅ» ልትላት ስትገላበጥ አድራ፣ ሲነጋ ሳትላት ቀርታለች።

የመጀመሪያው እረፍት አምስተኛ ደቂቃ ሆነ። ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«የውጤት ማስተካከያ» አለ የዳኒካ ድምፅ። «ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሦስተኛው ዙር፣ በአስራ ዘጠኝ ከሃምሳ ዘጠኝ የተመዘገበው የኬልደን ጎል፣ የገባው ሰዓቱ ካለቀ ከስድስት ሰከንድ በኋላ ነው። ማስተካከያውን የጻፈው ሌስተር ማክፊ ነው።»

አዳራሹ ጮኸ። ፉጨት፣ ስድብ፣ እግር ድብደባ። የወረቀት ኩባያ ተወርውሮ የላይኛዋን መስኮት መታ፤ ቡናው በመስታወቱ ላይ ወረደ። በላይኛው ረድፍ ጥግ አንዲት አጭር ወፍራም ሴት ብቻዋን ቆማ ጓንቷን አወለቀች፤ አላጨበጨበችም፣ አልተቀመጠችምም።

ዳኒካ ጩኸቱ እስኪበርድ አልጠበቀችም።

«የጠፋ ዕቃ። ቀይ የልጅ ጓንት፣ የግራ እጅ፣ ካንቲን ውስጥ ተገኝታለች።»

ኮሌት ዞራ አየች። ሳጅኗ የመለሰችላትን ጓንት የማይርን ኩባያ ይሰቀልባት በነበረችው ምስማር ላይ ሰቅላት ነበር። አወረደቻት።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ሕዝቡን እየገፋች መጣች። የያዘቻት ትንሽ ልጅ ግራ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ሸሽጋለች።

«የእኛ ናት» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ፊቷን አጨማደደች። «ልጅሽ አፏን ብትዘጋ ይሻላት ነበር።»

«ይሆናል» አለች ኮሌት፣ ጓንቷን እያቀበለቻት። «ግን እስከ መጨረሻው ረድፍ ጥርት ብሎ ተሰማ፣ አይደል?»